ጆሮ ያለው እሹሩሩ

ስለ ቀረርቶና ስለ ፉከራ፣ ስለ ሙሾ፣ ስለ ሠርግ ዘፈን ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። እሹሩሩ ግን በሥነ ቃል መጻሕፍት ውስጥ ሲገባ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከልጆች ጨዋታ ጋር ባንድ ምዕራፍ ታጭቆ፣ ጥቂት ስንኞች ለናሙና ተለቅመውለት፣ «እናቶች ልጆቻቸውን የሚያባብሉበት ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔም ብሆን እስከ አምና ክረምት ድረስ ከዚህ የተሻለ ክብር አልሰጠሁትም ነበር። ዛሬ ስለ እሹሩሩ ሂስ ለመጻፍ ብዕር ያነሣሁት ምሁር ሆኜ አይደለም፤ አፉን ያልፈታ አንድ የእህቴ ልጅ ስላስገደደኝ ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሰሜን ሸዋ ለሥነ ቃል ተመራማሪ እንግዳ አገር አይደለም። የሥነ ቃል ምሁሩ ፈቃደ አዘዘ የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረሃብ የገጠሟቸውን ግጥሞች ሰብስበውና ተንትነው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። ለመጽሐፉ የሰጡት ስም «ያልተሰሙ ድምፆች» የሚል ነው። ያ ሥራ የተራው ሰው ቃል ማስረጃም ጥበብም መሆኑን አስተምሮናል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከገበሬውም ይልቅ ያልተሰማ ድምፅ አለ፤ እርሱም ገና ቃል የሌለው የሕፃን ድምፅ ነው። እሹሩሩ ሁለት ደራሲዎች አሉት። እስከ ዛሬ በሚገባ ያላነበብነው ሁለተኛውን ደራሲ ከወረቀቱ ላይ ስለምናስቀረው ይመስለኛል።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንኮበር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ፣ ከጎረቤላ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው የእናቴ ቤት አምና ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ። በዚያ ወራት ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ደጁን ይሸፍነዋል፤ ሰው ከምድጃው አይርቅም። አንዲት ጎረቤታችን የአራት ወር ልጇን ለእናቴ አሳቅፋ ውሃ ትወርዳለች። እኔም ደብተሬን ይዤ ከጎን ተቀመጥኩ፤ ስንኞቹን ልለቅም ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ደብተሬን ብመለከት የጻፍኩት አራት ስንኝ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እነርሱም እዚህ ግባ የሚባሉ አልነበሩም። ታዲያ ያ ሁሉ ጊዜ በምን አለቀ?

በዝምታ አለቀ። እናቴ አንድ ሐረግ ታንጎራጉርና ታቆማለች። የሕፃኑን ፊት ትመለከታለች። እሱም ዐይኑን ፈጠጥ አድርጎ ቆይቶ «እንግ» ይላል። «እህ? ምን አልከኝ አባቴ? ብርዱ ጠናብህ?» ትለዋለች። አሁንም ትጠብቃለች። ልጁ እግሩን ያወራጫል። «ሂድ፣ ውሸትህን ነው!» ብላ ትስቅና ወደ ዜማዋ ትመለሳለች።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። በእናቴ ጭን ላይ ግጥም ሰጪው ሕፃኑ ነበር፤ ተቀባይዋ እናቴ ነበረች። «እንግ» ያለውን ተቀብላ፣ ትርጉም ሰጥታ መለሰችለት። ያ ልጅ ገና አንድ ቃል ሳይኖረው በወግ መካከል ተራ ያለው ሰው ሆነ። ቃሉ በኋላ ይመጣል፤ ተራው ግን ቀድሞ ተሰጠው።

የእሹሩሩ ሰዋስውም ልብ ሊባል ይገባዋል። እናት ወንድ ልጇን «አባቴ»፣ ሴት ልጇን «እናቴ» ትላለች። ወንዱን በሴት አንቀጽ «ነይ» እያለች ታቆላምጠዋለች። አንዳንዴም ጥርስ ያላወጣውን «እርስዎ» እያለች ታጫውተዋለች። «አንተ»ና «አንቱ»ን ማምታታት ድፍረት በሆነበት ቋንቋ፣ በሕፃን ፊት ግን ዝምድናው፣ ጾታውና ማዕረጉ ሁሉ ይገለበጣል። ይህን የሴቶች ሞኝነት አድርጎ የሚያይ አለ። በእኔ ንባብ እናት በዚህ ጨዋታ ለልጇ ወንበሯን ትለቅለታለች። «አባቴ» ስትለው እርሱ የሚናገር፣ እርሷ የምትሰማ ትሆናለች።

ደግሞም ይህ የእሹሩሩ ጠባይ ብቻ አይደለም። የልጅነት ቃሎቻችንን እስቲ እናስባቸው፦ ዳዴ፣ ወፌ ቆመች፣ እንኮኮ፣ አኩኩሉ። አንዳቸውም ለብቻ የሚባሉ አይደሉም፤ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ልጁ ከፍ ሲል «እንቆቅልህ» ያለው ሰው «ምን አውቅልህ» እስኪባል አይቀጥልም። «ተረት ተረት» ያለም «የላም በረት» ካልተባለለት ተረቱን አይጀምርም። ስለዚህ የልጆች ሥነ ቃላችን በሙሉ የቆመው በመልስ ላይ ነው። እሹሩሩ የዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ክፍል ነው።

የዘመኑ ሳይንስ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚሁ አካባቢ ደርሷል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው ሕፃናት በቤታቸው የማይነገር ቋንቋ ድምፆችን እንኳ ለይተው እንደሚሰሙ፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ግን ይህ ችሎታቸው እንደሚደክም አሳይተዋል። ጆሯቸው ለቤታቸው ቋንቋ ይሰላል ማለት ነው። እንግዲህ የእኛ ልጅ «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» የሚለይበት ጆሮ መሞረድ የሚጀምረው ፊደል ገበታ ፊት ሳይሆን በአንቀልባ ውስጥ ነው።

ቋንቋ የሚወረሰውም የሚቋረጠውም በዚሁ ስፍራ ነው። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ የአርጎባ ሕዝብ አገር ይገኛል። የአርጎባን ቋንቋ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1997 ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጅተውለታል። በብዙ መንደሮች ግን የአርጎባ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። መዝገበ ቃላት ቋንቋን መዝግቦ ያቆያል፤ ሕፃን «እንግ» ሲል በዚያ ቋንቋ የሚመልስለት ሰው ከሌለ ግን ቋንቋው ወደሚቀጥለው ትውልድ አይሻገርም።

ሁለተኛው ጥናት ወደ ጉዳዬ ያቀርበኛል። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ነው። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር 12 ጊዜ ተገናኝተው ሲጫወቱ፣ ሲነበብላቸው፣ የቻይንኛውን ድምፅ ለመለየት በቁ። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን ወይም በቴፕ የቀረበላቸው ሕፃናት ግን ምንም አላተረፉም። ድምፁ አንድ ነው፤ የጎደለው የሚጠብቃቸው ሰው ነው።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ እህቴ ቤት እንመለስ። እህቴ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ሲነጋጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። ልጁን የምትይዘው ሞግዚት ገና ልጅ ናት፤ ምግቡም፣ እጥበቱም፣ ቤቱም የሚጠብቀው እርሷን ነው። ስለዚህ ስልኩ ትራስ ላይ ይደገፍና የተቀረጸ እሹሩሩ ይከፈትለታል። ሲያልቅ ራሱ እንደገና ይጀምራል።

ይህንን የተቀረጸ እሹሩሩ እንደ ሃያሲ ሰምቼዋለሁ። በሙዚቃነቱ ከእናቴ እንጉርጉሮ ይበልጣል። ድምፁ አይሻክርም፤ ዜማው አይሰበርም፤ ኦርጋኑ ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶታል። ጥፋቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ልጁ «እንግ» የሚልበት ቦታ አልተተወለትም። ግጥሙንም ልብ ብሎ ለሰማው ሰው አድማጩ ሕፃኑ አይደለም፤ እናቱን የናፈቀ ጎልማሳ ነው። ክፉ ዘፈን ነው አልልም። እሹሩሩ ግን አይደለም።

የምስል መሣሪያ ሁሉ ይህን አያውቅም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በልጅነታችን በጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን የተቀመጥን ሰዎች፣ አባባ ተስፋዬ ሰላምታ ሲሰጡን ባንድ ድምፅ እንመልስላቸው ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የተረኩት፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ የመድረክ ሰው ስለነበሩ የታዳሚን መልስ መጠበቅ ያውቁበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው የእነ ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም አሻንጉሊቷን ቀጭኔ የስድስት ዓመት ልጅ አድርጎ፣ በልጅ ጠያቂነት ላይ ነው የተመሠረተው። ሁለቱም የሚያነጋግሩት ግን አፉን የፈታውን ልጅ ነው። ያልፈታው የማንም ተመልካች አይደለም፤ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ቃል አልነበረውም። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አልን። ከሁሉ አስቀድሜ ያልኩት እኔ ነበርኩ። እህቴ የወሰደችበት አንድ የጤና ተቋምም «ይናገራል፣ ጠብቂው» ብሎ መለሳት። እኔ በልቤ ስልኩን ከስሼ፣ ፈርጄም ጨርሼ ነበር። እናቴ ባትኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍ የስልክ ርግማን ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ልጁን አንኮበር ይዘነው በወጣን በሦስተኛው ቀን እናቴ እንደ ልማዷ አንጎራጉራ አቆመች። ጠበቀች። ደገመች። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ «ይሄ ልጅ ዐይኔን ነው እንጂ ድምፄን አይጠብቅም» አለችኝ። አልገባኝም። ተነሥታ ከኋላው ቆመችና በቀስታ ስሙን ጠራችው፤ አልዞረም። እንደገና ጠራችው፤ አልዞረም። የድስት ክዳን ስታጋጭ ብቻ ድንግጥ ብሎ ዞረ። «አፉ ምን አለበት? ጆሮውን አሳዩልኝ» አለች።

አዲስ አበባ ወስደን የጆሮ ሐኪም አየው። በሁለቱም ጆሮዎቹ፣ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ዓለምን የሚሰማት በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ እንደሚሰማ ሰው ነበር። ሕክምናው ወራት ፈጅቷል። ዛሬ ይናገራል። የመጀመሪያ ቃሉ «እምቢ» ነበር።

እንግዲህ ስልኩ ልጁን አላደነቆረውም፤ በዚህ በኩል ፍርዴን አንሥቻለሁ። ሌላ ክስ ግን አለብኝ። ያ ስልክ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ወር ለዚያ ልጅ ዘፈነ! አንድም ቀን «አይሰማኝም» አላለም። ሊልም አይችልም፤ አፍ እንጂ ጆሮ አልተሰጠውም። እናቴ በሦስት ቀን ያወቀችው ሐኪም ሆና አይደለም። የእርሷ እሹሩሩ መልስ ስለሚጠብቅ፣ መልሱ የቀረ ዕለት ይታወቃታል። የሥራው ውበትና ጥቅሙ ባንድ ቦታ ነው ያሉት፤ በዚያች ክፍተት ውስጥ።

ይህን ስል የድሮውን ቤት ላመልክ አይደለም። በዚያው ቤት ሕፃን ለብርዱም ለቡዳውም እየተባለ ፊቱ ተሸፍኖ ይውላል፤ ፊት ሳያዩ ደግሞ መመላለስ አስቸጋሪ ነው። ይኸው «አባቴ» የተባለ ልጅ አምስት ዓመት ሲሞላው ትልቅ ሰው ፊት ቢናገር «ዝም በል» ይባላል፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይተረትበታል። የሰጠነውን ተራ መልሰን እንነጥቀዋለን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እሹሩሩን የሴት ሥራ ብለን መተዋችን ነው። እህቴ ከጥዋት እስከ ማታ ማሽን ላይ ቆማ ስትመለስ «ልጅሽን አላናገርሽውም» የሚላት ወንድ አይጠፋም። እኔ ያንን ልጅ ስንት ጊዜ ታቅፌው ነበር! እንደ እንግዳ ዕቃ ነበር የያዝኩት፤ አንድም ቀን ጠይቄው መልሱን አልጠበቅሁም።

የመስማት ምርመራ በአገራችን እንደ ክትባት ለሚወለደው ሁሉ የሚደረግ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መርማሪ የሚያጫውተው ሰው ነው። ሕፃን በስድስት ወሩ ግድም ድምፅ ወደ መጣበት ካልዞረ፣ በዓመቱ በአፉ ድምፅ እየደጋገመ ካልተጫወተ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላጋጠመ፣ «ይፈታል» ብሎ መቀመጥ አይገባም።

ለሥነ ቃል ሰብሳቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። እሹሩሩን ስትመዘግቡ ዝምታውንም መዝግቡት። እኔ ደብተሬን መሐል ለመሐል አስምሬ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ በግራ በኩል የእናቴ ስንኝ፣ በቀኝ በኩል የልጁ መልስ ይጻፋል። በቀኝ በኩል የመጀመሪያው መስመር ላይ የሰፈረው «እንግ» የሚል ነው። የእህቴን ልጅ በተመለከተ ግን ያ የቀኙ ገጽ ለሁለት ዓመት ያህል ባዶ ነበር፤ ባዶ መሆኑን ያነበበችው ደግሞ ማንበብ የማታውቀው እናቴ ናት።