ባቡር ያደረበት ቡፌ፣ ባቡር ያልደረሰበት ጠላ

እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ ባቡርም ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ጠረፍ ወደ ኩማይሌ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ዘርግቶ ስንቁን አመላለሰ። ሚያዝያ ላይ የወሎዋ መቅደላ ወደቀች፤ ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱም ተነቀለ። በመቅደላ ሰበብ የተዘረጋ ሐዲድ መቅደላን ሳያይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህም ወደ አምባው የዘለቀ ባቡር የለም። ስለዚህ የባቡር መጠጥ ቤት ታሪክ የሚፈልግ ወሎዬ ቆላ ወርዶ አዋሽ ሰባት ኪሎ መድረስ ግድ ይለዋል።

እዚያ የባቡር ጣቢያው መጠጥ ቤት ቡፌ ዳዋሽ አለ። የጉዞ መጽሐፎች በ1904 ተሠራ ይሉታል። ይህን ቁጥር እንዳለ መቀበል ይከብዳል። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የገባው በ1902 መጨረሻ ነው። ከዚያ ኩባንያው በገንዘብ እጦትና በኃያላኑ ሽኩቻ ተሰናክሎ፣ ሥራው የቀጠለው ከ1908ቱ አዲስ ውል በኋላ ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1917። ታዲያ በ1904 አዋሽ ላይ የሚስተናገደው መንገደኛ በምን መጣ?

ቡፌውን የወለደው የባቡሩ ማደር ነው። በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም፤ ከጂቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሲፈጅ፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። እራት፣ መጠጥና አልጋ የግድ ሆነ። ጉዞው ሲፋጠን አዳሪው ቀነሰ።

የወሎ ደጋ ጠላ ግን የማንንም የጉዞ ሰዓት አልጠበቀም። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾና ብቅሉ ይጠነሰሳል፤ ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፤ ድፍድፉ ሲደርስ በውሃ ቀጥኖ ይጠለላል። ሲሰነብት ይሆመጥጣልና ሩቅ አገር አይሄድም፤ ጠጪው ራሱ ወደ ጋኑ ይመጣል። ማስታወቂያው በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነው። የአገር ቤቱን ጠላ የባቡር ቡፌ ታናሽ አድርጎ ማየት ታሪኩን መገልበጥ ነው።

ቢራ ሌላ ነው፤ ማሽን፣ ጠርሙስና ጭነት ይሻል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1922 አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ባቡሩ ከገባ አምስት ዓመቱ ነበር። የኮምቦልቻው ቢራ ፋብሪካ ግን በ1998 ሥራ ሲጀምር ከተማዋ ሐዲድ አልነበራትም፤ ጭነቱን የተሸከመው መኪና ነው። ፋብሪካና ባቡር የማይነጣጠሉ መንትዮች እንዳልነበሩ ይኸው ምስክር ነው።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው አዲሱ መስመር በቱርኩ ያፒ መርከዚ ተቋራጭነት ተጀምሯል። ወሎ የራሱን የጣቢያ ቡፌ ከማየቱ በፊት የታሪክ ተመራማሪዎች የምድር ባቡርን መዛግብት ገልጠው የቡፌ ዳዋሽን የግንባታ ዓመት ያጣሩልን።