ከጌጁ ጀርባ

እንደ አዲስ የተሠራ ሞተር ሳይክል ሲቆም ዓይን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቀለሙ፣ ወደ ወንበሩና ወደ መሪው ነው። የሠሪው እጅ የሚታወቀው ግን የፊት መብራቱ ሲፈታ ነው። እዚያ ያለው የሽቦ እሽግ ወይ ያሳፍራል ወይ ያኮራል። ዲላ ውስጥ፣ ከሞያሌ መንገድ ብዙም በማይርቅ አንድ ጋራዥ፣ የሚያኮራ አይቻለሁ።

ሞተር ሳይክሏ ቻይና ሠራሽ ናት፣ 150 ሲሲ። ሞተሯ የሆንዳ ሲጂ 125 ዘር ነው፤ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቫልቮቹን ዘንግ የሚገፋቸው። የድሮው ዳሽቦርድ ወልቆ በምትኩ ሁለት ነገር ገብቷል። አንዱ ፍጥነትንና የሞተር ዙርን አንድ ላይ የሚያሳይ፣ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጌጅ ነው። ሌላው ከሥሩ የተቀመጠ፣ በቀይ ቁጥር የሚያበራ ትንሽ የቮልት መለኪያ ነው።

ጌጅ ከሱቅ ይገዛል። የታይዋኑ ኮሶ ይሁን የበርሊኑ ሞቶጋጄት ወይም ስም የሌለው፣ ከጀርባው የሚወጣው ያው ቀጫጭን ሽቦ ነው። ቁጥሩ እውነት የሚሆነው ሽቦው የት እንደተነካ ታውቆ ሲገጠም ነው። የቮልት መለኪያን እንውሰድ። መለኪያው የሚናገረው ስለ ባትሪው ሳይሆን ጫፉ ስላረፈበት ቦታ ነው።

በሆንዳና በዘሮቹ ላይ ቀይ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፣ ጥቁር ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ አረንጓዴ ማሳ ነው። ብዙ ሰው ጥቁሩን ልጦ የቮልት መለኪያውን እዚያው ይቀጥላል። ግን ፍሬቻውም፣ ክላክሱም፣ የፍሬን መብራቱም የሚበሉት ከዚያው ጥቁር ሽቦ ነው፤ የቁልፉ የውስጥ ንክኪም ያረጃል። ባትሪው 12.6 ቮልት ሆኖ ሳለ ጌጁ 12.1 ያሳያል። ባለቤቱም ጤነኛ ባትሪ ይጥላል።

እዚህ የተመረጠው ባለ ሦስት ሽቦ መለኪያ ነው። ሁለቱ ለማብሪያ ናቸው፤ አንዱ ከቁልፉ በኋላ ይነሳል፣ ሌላው ማሳ ነው። ሦስተኛው የመለኪያው ሽቦ ነው፤ ከማንም ጋር ሳይጋራ ብቻውን እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ድረስ ይሄዳል። የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ከምንም ስለማይቆጠር 0.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃዋል። ከባትሪው ጫፍ አራት ጣት ርቆ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ አለው። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው ጌጁን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ሽቦው የትም ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳት እንዳይነሳ። ስለዚህ ቦታው ምንጩ አጠገብ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መለኪያው 12.6 ይላል። ሞተሩ ተነስቶ ዙር ሲጨምር 14 አካባቢ ይቆማል። ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ ሲወጣ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ረጅም ዳገት ላይ፣ ባለቤቱ የሚያምነው ቁጥር አለው ማለት ነው።

ማሳው መሪው ላይ አልታሰረም። መሪው ከፍሬሙ ጋር የሚገናኘው ግሪስ በጠገቡ ኩሽኔታዎች ነው፣ ግሪስ ደግሞ ኤሌክትሪክን በደንብ አያሳልፍም። መሪው ላይ የታሰረ ማሳ መሪው በዞረ ቁጥር ጌጁን ያርገበግበዋል። እዚህ የጌጆቹ ማሳዎች ሁሉ ተሰብስበው የባትሪው ኔጌቲቭ ባረፈበት ቡሎን ላይ አርፈዋል። በቡሎኑ ዙሪያ የፍሬሙ ቀለም ተፍቋል፤ የተፋቀው ልክ በሮንዴላው ስፋት ነው። ከሮንዴላው ጠርዝ ውጭ የተራቆተ ብረት የለም። ከላይ ቫዝሊን ተቀብቷል።

የዙር ቆጣሪው ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለ አራት ምት ሞተር የሚያስፈልገው በሁለት ዙር አንድ ብልጭታ ነው። ይህ ሞተር ግን ምልክቱን የሚወስደው ከክራንኩ ስለሆነ በየዙሩ ብልጭታ ይሰጣል፤ አንዱ ብልጭታ ቤንዚኑን ያቃጥላል፣ ሌላው ጭስ በሚወጣበት ሰዓት በከንቱ ያልፋል። ጌጁ በሁለት ዙር አንድ ምልክት እንዲጠብቅ ተደርጎ ከተተወ፣ በ1400 የሚያርፈው ሞተር 2800 ያሳያል። ማስተካከያው ጌጁ ውስጥ አለ፣ ግን ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ነው የሚመርጠው።

ምልክቱም ከቦቢናው ጥቁርና ቢጫ ሽቦ ላይ በቀጥታ አልተቀጠለም። እዚያ ሽቦ ላይ ብልጭታውን የሚያዘው ሳጥን፣ ሲዲአዩ፣ በየብልጭታው ከ200 ቮልት በላይ ይለቃል። የጌጁ ሽቦ በካንዴላው ወፍራም ገመድ ላይ አምስት ጊዜ ተጠምጥሟል እንጂ መዳብ ከመዳብ አልተነካካም። ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ አይደራረቡም። ሲያንሱ ምልክቱ ይደክማል፣ ሲበዙ ረብሻ ይገባል። አምስቱ የተገኙት ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ አንድ እየተጨመረ ነው።

እኔን አብልጦ ያቆመኝ የፍሬቻው ሥራ ነው። በድሮው ዳሽቦርድ ላይ ለግራም ለቀኝም የምታገለግል አንዲት አምፖል ነበረች። አንዱ ጫፏ ከግራው ሽቦ፣ ሌላው ከቀኙ ጋር ተያይዟል። ግራው ሲበራ ኤሌክትሪኩ በእሷ አልፎ በቀኝ በኩል ባሉት ትልልቅ አምፖሎች ወደ ማሳ ይወርዳል፤ የሚደርሳቸው ጥቂት ስለሆነ እነሱ አይበሩም። ቀኙ ሲበራ መንገዱ ይገለበጣል። አዲሱ ጌጅ ግን ኤል ኢ ዲ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ ለፍሬቻ ያለውም አንድ ሽቦ ነው። ግራና ቀኙን በአንድ ቋጠሮ ቢያገናኙለት ከፊትና ከኋላ ያሉት አራቱም ፍሬቻዎች አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ።

መፍትሔው ሁለት ዳዮድ ነው፤ 1ኤን4007 የሚባለው፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት የማይጠፋው። አንዱ ከግራ ይመጣል፣ አንዱ ከቀኝ። ብርማ ቀለበት ያለበት ጫፋቸው ወደ ጌጁ ዞሮ እዚያ ይገናኛሉ። ከሁለቱም ወገን ወደ ጌጁ መግባት ይቻላል፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መሻገር ግን አይቻልም። ባለሙያው ዳዮዶቹን ትይዩ አላስቀመጣቸውም። አንዱ ከሌላው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እሽጉ እዚያ ቦታ ላይ እንዳያብጥ ነው። የእያንዳንዱ ዳዮድ እግር በመዳቡ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ከዚያ በሊድ ተበይዷል። ሊዱ ስስ ነው፣ የጥምጥሙ መስመር ከሥሩ ይታያል። በላዩ ላይ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለ፤ ቱቦው ከብየዳው አልፎ ወደ ሁለቱም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የተበየደ ሽቦ የሚበጠሰው ብየዳው ላይ ሳይሆን ብየዳው ባለቀበት ጠርዝ ላይ ነው፣ ንዝረቱ የሚያጥፈው እዚያ ነውና። ሌላው መጋጠሚያ ሁሉ በተርሚናል ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ዲላ አጠገብ ያለው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፉ ማንጠባጠቡን አይተውም። ለዚህ ነው የሽቦ መጋጠሚያዎቹ አፋቸው ወደ ታች የሆነው፤ ሽቦውም ወደ መጋጠሚያው ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይመለሳል፣ ውኃው ከዝቅታው እንዲወርድ። እሽጉ የተጠቀለለው ሙጫ በሌለው የጨርቅ ጥቅል ነው። ናስትሮ ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ሙሉውን በናስትሮ ቢጠቀለል የሞተሩ ሙቀት ሙጫውን አቅልጦ የሚቀጥለውን ጠጋኝ እጅ ያጣብቃል።

ረዳቱ ማሰሪያውን ይዞ፣ “ጋሼ፣ ላጥብቀው?” አለ።

“ተው፤ መጀመሪያ መሪውን አዙረው። ወደ ግራ እስኪቆም፣ ከዚያ ወደ ቀኝ።”

እሽጉ በመሪው አንገት ላይ አልታሰረም። ከአንገቱ ወዲህና ወዲያ ታስሯል፤ መካከሉ ላይ መሪው ዳር ድረስ ሲዞር የማይወጠር ትርፍ አለ።

የፍጥነቱ ምልክት የሚመጣው ከፊት ጎማው ነው። ዲስኩን በያዘው አንድ ቡሎን ራስ ላይ ማግኔት አለ፣ ከእሱ በ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሴንሰሩ ቆሟል። ጌጁ የሚቆጥረው ዙር ብቻ ነው፤ አንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። ጎማው 90/90-18 ነው። በወረቀት ላይ ቸርኬው 457፣ ጎማው ከላይም ከታችም 81፣ ድምሩ 619፤ በ3.14 ሲባዛ 1944 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰው የተቀመጠበት ጎማ ግን ይጨፈለቃል። ስለዚህ ነፋሱ ተለካ፣ ባለቤቱ ተቀመጠ፣ ጎማው ላይና ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ተሰመረ፣ ሞተር ሳይክሏ አንድ ሙሉ ዙር ተገፋች። 1920 ሆነ። ልዩነቱ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወረቀቱ ቁጥር ቢገባ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጠመኔው ግን ወጣ።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። የቮልት መለኪያው ቀይ ቁጥር ለሌሊት መንገድ ይበዛል፤ መብራት በሌለበት ገጠር ዓይንን ይሻማል። ጠቆር ያለ ፕላስቲክ ቢደረግበት እመርጥ ነበር።

ከወንበሩ ሥር፣ ከፊውዞቹ አጠገብ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። የእያንዳንዱ ሽቦ ቀለም ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ የዳዮዶቹ ቀለበት ወዴት እንደዞረ፣ የካንዴላው ጥምጥም አምስት መሆኑ፣ የፊውዙ 1 አምፔርና 1920 ተጽፎበታል። ጌጁ ተበላሽቶ ሌላ ቢገባ የሽቦ ቀለሞቹ ይለወጡ ይሆናል፣ 1920 ግን ያው ነው፤ ጎማው በሌላ መጠን እስኪቀየር ድረስ።