የፈረስ ስምና የወንድነት ሚዛን

ስለ አባቶቻችን ጀግንነት የሚመረምሩ ሰዎች ዜና መዋዕሉንና ፉከራውን ያነባሉ፤ የፈረሱን ስም ግን እንደ ትንሽ ነገር ቈጥረው ያልፉታል። ነገር ግን የፈረስ ስም በአንድ ቃል ያለቀ ቅኔ ነው። መኰንኑ ሲፎክር «አባ እገሌ» እያለ ራሱን የሚጠራው በፈረሱ ስም ነውና፤ ያ ዘመን ወንድ ማለት ምን እንደ መሰለው ከዚህች ቃል ሊታወቅ ይችላል። ስለዚህ የሦስት ነገሥታትን የፈረስ ስም እንደ ቅኔ ቤት ልማድ እንመርምር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር።

«ታጠቅ» ትእዛዝ ነው፤ የተኛውን ያስነሣል። ነገር ግን ድርጊቱ ወደ ታጣቂው ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ከታጠቀ በኋላ በማን ላይና ስለ ምን እንደሚነሣ ቃሉ አይናገርም። ይህም ጉድለት በመቅደላ ታየ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ብዙ ያገራቸውን ልጆች ከእስር ቤት አውጥተው ከገደል አስጣሉ፤ ጥቂት ቀን ቆይተው የአውሮጳን እስረኞች በደኅና ሰደዱ።

«በዝብዝ»ም ትእዛዝ ነው፤ አሳቡ ግን ከጦር ሜዳ ወደ ምርኮ ይወርዳል። በዚህ ላይ ስሙ ከባለ ስሙ ያንሳል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብጽን ጦር ድል የነሡት፥ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ቈስለው የሞቱት ንጉሥ ለብዝበዛ ሞቱ የሚል የለም። ስሙ ጦረኛውን የሚያየው በጭፍራው ዓይን ነው፤ ዘመቻ ለጭፍራው እንጀራው ነበረና። ባላገሩ ግን ይህን ስም ሲሰማ የሚያስበው ጎተራውን ነው።

«ዳኘው» ከሁለቱ ይበልጣል። ምክንያቱም በሰዋስው ይታያል፤ በመጨረሻዪቱ «ው» ሌላ ሰው ገብቷልና። ታጣቂ ብቻውን ይታጠቃል፤ ዳኛ ግን ተዳኚ ከሌለ ዳኛ አይባልም። ደግሞም ቃሉ ኅብር አለው፤ ትእዛዝም ያለፈ ድርጊትም ሆኖ ይነገራልና። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የተከበበው የኢጣልያ ጦር ምሽጉን ሲለቅ፥ ንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያውን እንደ ያዘ ወደ ወገኖቹ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ድል በእጅ ሳለች መታገሥ ከመግደል የሚበልጥ ወንድነት ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ ምስክር ነው።

ሆኖም መርማሪ በዚህ ቢያቆም አድልዎ ይሆንበታል። ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በኋላ፥ ከኢጣልያ ጋር ተሰልፈው የተማረኩ የመረብ ማዶ ልጆች በፍርድ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ፤ የኢጣልያ ምርኮኞች ግን በሕይወት ተጠብቀው በኋላ ወዳገራቸው ተመለሱ። ወገኑን የከዳ መቀጣቱ የዘመኑ ልማድ ነው የሚል ይኖራል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መቅደላንና ዐድዋን ጎን ለጎን አድርገን ብናነብ አንድ ነገር እናገኛለን፤ በሁለቱም ስፍራ ለባዕድ የተገኘው ምሕረት ለወንድም ታጣ። በመልካሙም ስም «ው» የተባለው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ቀረ።

ዛሬም በየዓመቱ በየካቲት 23 ተማሪዎች ፉከራና ሽለላ ያሰማሉ። ማሰማታቸው መልካም ነው፤ አገር ያለ ጀግና አትጸናምና። ነገር ግን መምህራን የገዳዩን ቍጥር ብቻ ከማስጠናት፥ ፈረሱ ምን ተባለ፥ ባለ ስሙስ ድል ካደረገ በኋላ ለተሸነፈው ምን አደረገ ብለው ይጠይቋቸው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ ስምም እንዲሁ ሰውን እስከ ድል ያደርሰዋል፤ ከድል በኋላ የሚፈርደው ግን ሰውየው ራሱ ነው።