የመሪነት ውርስና ምርጫ፦ የዐሊ ዐብዱራዚቅ ሙግት ሲመረመር

እስልምና የሚያዘው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንግሥናን ነውን፣ ወይስ ሕዝብ የሚመርጠውን መሪ? ይህ ጥያቄ መምህርና ኢማም ሊሸሹት የማይችሉት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ጥያቄውን በግልጽ ካነሡት መጻሕፍት መካከል ከፍተኛውን ክርክር ያስከተለው የግብጻዊው ዓሊም የሸይኽ ዐሊ ዐብዱራዚቅ «አል-ኢስላም ወኡሱሉል ሑክም» ማለትም «እስልምናና የአገዛዝ መሠረቶች» ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጽሐፉን ሙግት እንመረምራለን። ደራሲው ውርሳዊ አገዛዝን መቃወሙ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን፤ የሄደበት መንገድ ግን ደካማ ነበር። ከእርሱ የጠነከረው ማስረጃ የሚገኘው ወደ ጎን በተዋቸው የፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ነው። «ዓ.ም.» ወይም «ዓመተ ሂጅራ» ካላልን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መጽሐፉ የተወለደበትን ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል። በኖቬምበር 1922 በአንካራ የተሰበሰበው ታላቁ ብሔራዊ ምክር ቤት የዑስማኒያን ሱልጣንነት ሻረ፤ ከቀናት በኋላም ዐብዱልመጂድ 2ኛን የፖለቲካ ሥልጣን የሌለው ኸሊፋ አድርጎ መረጠ። ማርች 3 ቀን 1924 ደግሞ ኺላፋውን ራሱን አስወገደ። ባዶ የቀረውን ማዕረግ የግብጹ ንጉሥ ፉኣድ ይሻዋል ተብሎ በሰፊው ይታመን ነበር። የአል-አዝሀር ምሩቅና የመንሱራ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ቃዲ የነበረው ዐሊ ዐብዱራዚቅ መጽሐፉን ያሳተመው በዚህ መካከል፣ በ1925 ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 12 ቀን የአል-አዝሀር ከፍተኛ ዑለማዎች ምክር ቤት ከዑለማዎች ማዕረግ አወጣው፤ የቃዲነት ሥራውንም አጣ። ነገሩ የአገሪቱን ጥምር መንግሥት እስከ መከፋፈል ደረሰ።

መጽሐፉ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ኺላፋን የሚያስገድድ ግልጽ ማስረጃ በቁርኣንም በሐዲሥም የለም፤ ኢጅማዕም አልተረጋገጠም ይላል። ሁለተኛው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተልእኮ የመልእክተኛነት እንጂ የንግሥና አልነበረም በማለት ይሟገታል። ሦስተኛው ከእርሳቸው በኋላ የመጣው አገዛዝ ዓለማዊ እንደ ነበር ያትታል። ደራሲው ኺላፋ በታሪክ በአብዛኛው በኃይል ላይ መቆሙን፣ ነገሥታትም ሙስሊሞች የአገዛዝን ዕውቀት እንዳይመረምሩ መጫናቸውን ሲጽፍ ከእውነት አልራቀም። ኢብኑ ኸልዱንም ከእርሱ በፊት ኺላፋ ወደ ንግሥና የተለወጠበትን ሂደት በ«ሙቀዲማ» ውስጥ መርምሯል።

ድክመቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። ደራሲው ሃይማኖቱ በአገዛዝ ጉዳይ ዝም ብሏል ብሎ ከደመደመ በኋላ፣ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው መንግሥት ፍጹማዊም ይሁን ሕገ መንግሥታዊ፣ የአንድ ሰውም ይሁን ሪፐብሊካዊ፣ ቅርጹ ከሃይማኖቱ አንጻር ለውጥ የለውም ወደሚል ሐሳብ ይደርሳል። በዚህ ሙግት ንጉሥ ፉኣድ ኸሊፋ እንዳይሆን ተከልክሏል፤ ንጉሥ ሆኖ እንዳይኖር ግን አልተከለከለም። አንባቢው ውርስ ስሕተት ነው የሚልበት ሚዛን አልተሰጠውም። ከዚህም በላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና የፈረዱትን፣ የተዋዋሉትንና ያስተዳደሩትን ሁሉ ከተልእኳቸው ለመለየት መሞከሩ ብዙዎቹን ዑለማዎች በተገቢው ምክንያት አስቆጥቷል።

መልስ ከሰጡት መካከል ሸይኽ ሙሐመድ አል-ኸዲር ሑሰይን መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ ተከታትለው ተችተዋል፤ ብዙ የማስረጃ ጉድለቶችንም አሳይተዋል። ሆኖም ትችታቸውን ለንጉሥ ፉኣድ መታሰቢያ አድርገው አበረከቱ። የአንድ ዓሊም ሥራ በንጉሥ ስም ሲከፈት፣ ማስረጃው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ አንባቢው ሚዛኑን መጠራጠሩ አይቀርም። ሌላው ግብጻዊ ዐብዱራዛቅ አስ-ሰንሁሪ በ1926 በፈረንሳይ ባሳተሙት የኺላፋ ጥናት የተሻለውን መንገድ ከፈቱ፤ ኺላፋ በሕግ ዓይን በኡማውና በመሪው መካከል የሚደረግ ውል ነው አሉ። እኛም ሙግታችንን የምናቆመው በዚህ ላይ ነው።

ይህ ሐሳብ ከአውሮፓ የተቀዳ አይደለም። አል-ማወርዲ (በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) መሪነት «ዐቅድ» ማለትም ውል እንደሆነ ጽፈዋል፤ አንደኛው መንገዱም የአህሉል ሐሊ ወል ዐቅድ ምርጫ ነው። ውል ደግሞ የሁለት ወገን ፈቃድ ይሻል። ቤትና ከብት ይወረሳል፤ ሌሎች በአደራ የሰጡት ግን የተቀባዩ ንብረት ስላልሆነ ለልጁ አይተላለፍም። ዑመር (ረ.ዐ) በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ጉዳዩን ለስድስት ሶሐቦች ሲተዉ፣ ልጃቸው ዐብደላህ በምክክሩ እንዲገኝ ፈቅደው ከሥልጣኑ ግን ድርሻ እንዳይኖረው ማዘዛቸው የዚህ መርህ ግልጽ ምስክር ነው። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍም ከውሳኔው በፊት የሰዎችን አሳብ ሲጠይቁ ሌሊቶችን አሳልፈዋል።

ቁርኣንም ቢሆን ስለ ጧሉት ሲተርክ (2፡247) ሹማምንቱ እኛ ለንግሥናው የተሻልን ነን፤ እርሱ ሀብት አልተሰጠውም ብለው መቃወማቸውን ይነግረናል። የተሰጣቸው መልስ ዘርን አላነሣም፤ ዕውቀትንና ብርታትን እንጂ። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ስለ ዘራቸው ሲጠይቁም (2፡124) ቃል ኪዳኑ በዳዮችን እንደማያገኝ ተነግሯቸዋል። እነዚህ አንቀጾች ስለ ምርጫ ሥርዓት የወረዱ አይደሉም፤ ትውልድ ብቻውን የመሪነት መብት አይሰጥም የሚለውን ግን ያጸናሉ።

ለራሳችን ቱራሥም ታማኝ መሆን አለብን። አል-ማወርዲ ሁለተኛ መንገድ አድርገው የቆጠሩት የቀደመው መሪ ተተኪውን መሰየሙን ነው፤ መራጩም አንድ ሰው ቢሆን ይበቃል ያሉ ዑለማዎች እንደ ነበሩ ዘግበዋል። ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ለልጃቸው ለየዚድ በይዓ ካስያዙ በኋላ ሥርወ መንግሥታት ያለፉት በዚህ በር ነው። ይሁን እንጂ አቡበክር (ረ.ዐ) ዑመርን ሲሰይሙ ልጃቸውን አልሰየሙም። አቡ የዕላ አል-ፈራእ መሪነት በስየማው ብቻ ሳይሆን በሙስሊሞች ውል እንደሚጸና ጽፈዋል፤ ኢብኑ ተይሚያም ዑመር መሪ የሆኑት ሰዎች በይዓ ስለ ሰጧቸው ነው ይላሉ። እንግዲህ ስየማ ዕጩ ማቅረብ እንጂ ሹመት አይደለም። ከቁረይሽ መሆን የሚለው መስፈርትም አንድን ጎሣ ይጠቅሳል እንጂ ለአንድ ቤተሰብ ርስት አይሰጥም።

ቱራሣችን ያልመለሰው አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ እርሱም የሥልጣን ፍጻሜ ነው። ዑሥማን (ረ.ዐ) በ35 ዓመተ ሂጅራ ቤታቸው በተከበበ ጊዜ ቅሬታ የሚመረመርበትና የሥልጣን ዘመን በሰላም የሚዘጋበት የታወቀ ሥርዓት አልነበረም። የተከተለውን ፊትና ሁላችን እናውቃለን። በጊዜ የተገደበ የመሪነት ዘመን በፊቅህ መጻሕፍት አለመጻፉ እውነት ነው፤ ውል ግን ቅድመ ሁኔታን የሚቀበል ነገር ነው። የጊዜ ገደብ የኡማውን ደም ከሚያድኑ መስለሓዎች አንዱ ነው ማለታችን ለዚህ ነው።

በሡናው ዓለም ከታወቁት መከራከሪያዎች ዋነኛው በመሪ ላይ መነሣት ፊትናን ያመጣል የሚለው ነው። ይህን አናቃልለውም። ነገር ግን መከራከሪያው በሰይፍ ማውረድን የሚከለክል እንጂ በሥርዓት መለወጥን የሚከለክል አይደለም፤ እንዲያውም ምርጫ ሰይፉን ከመካከል የሚያወጣ መንገድ ነው። ማሌዥያም ሌላ ጥያቄ ታቀርብልናለች፤ ዘጠኙ የግዛት የውርስ ገዥዎች ከመካከላቸው አንዱን ለአምስት ዓመት ይመርጣሉ፤ የዕለት ተዕለት አስተዳደሩ ግን በተመረጠ መንግሥት እጅ ነው። የውርስ ማዕረግ ከአስተዳደር ሲለይ ጉዳቱ እንደሚቀንስ እንቀበላለን። ሆኖም ይህ ምሳሌ ሥልጣን ወደ ምርጫ በተጠጋ መጠን ሰላም እንደሚያገኝ ያሳያል እንጂ ለውርስ አይከራከርም።

ዘውድ መውረዱ ብቻውን ደግሞ ጉዳዩን አይጨርስም። በሶርያ ሪፐብሊክ ሐፊዝ አል-አሰድ ጁን 10 ቀን 2000 ሲሞቱ፣ ልጃቸው 34 ዓመቱ ስለ ነበር የፕሬዚዳንት ዕድሜ መነሻ ከ40 ወደ 34 ዝቅ እንዲል ሕገ መንግሥቱ በዚያው ዕለት ተሻሻለ። በአገራችንም የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዘውዱን ለአንድ የዘር ሐረግ ሰጥቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ ሙስሊሙ ዜጋ ከርዕሰ ብሔርነት በሕግ ውጭ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ፤ ወንበሩን የያዘው ግን ማንም ያልመረጠው ወታደራዊ መንግሥት ሆነ። ስለዚህ መመዘኛችን የማዕረጉ ስም ሳይሆን ማን ሾመው፣ ማንስ ያወርደዋል የሚለው ነው።

ዐሊ ዐብዱራዚቅ የዘመኑን ዙፋን ለመጋፈጥ ደፍሮ ዋጋ ከፍሏል፤ ይህ ይመሰገንለታል። ኡማው መሪውን የመምረጥ መብቱን ያገኘው ሃይማኖቱ ዝም ስላለ አይደለም፤ መሪነት አደራ ነው ስላለ ነው። መምህራን የአል-ማወርዲን ምዕራፍ ሲያስቀሩ የአቡ የዕላን ቃል አጠገቡ ቢያኖሩት፣ ኢማሞችም ስለ መሪ መታዘዝ ሲሰብኩ ስለ በይዓ ውልነት አብረው ቢያስተምሩ፣ ትውልዱ መታዘዝንና መጠየቅን ሳይነጣጥል ይማራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። አላህ ይበልጥ ያውቃል።