ስለሚሞቱ ከዋክብት ጥቀርሻ፤ «ታውቋል» በሚለው ቃል ላይ የቀረበ ሂስ

በሥነ ፈለክ መጻሕፍትም ሆነ በትምህርት ክፍሎቻችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ሲደጋገም እንሰማለን፤ ይኸውም «በሚሞቱ ከዋክብት ዙሪያ ውስብስብ የሆኑ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች መኖራቸው ከብርሃናቸው ታውቋል» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ታውቋል» የተባለው ቃል በዚህ ስፍራ ምን ያህል ክብደት ሊሸከም እንደሚችል መመርመር ነው። ኦርጋኒክ ማለት የካርቦን ማለት እንጂ የሕይወት ማለት አለመሆኑን ግን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ይህን ባለማስተዋል ብዙ ቀለም ፈስሷልና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፎቹን ያነበብነው ቦሌ፥ ሩዋንዳ በሚባለው ሠፈር በአንዲት የኪራይ ቤት ተሰብስበን ነው። ሠፈሩ ከዋክብትን ለማየት አይመችም፤ የመንገዱና የሕንፃዎቹ መብራት ሰማዩን አንጥቶታል። ነገሩን በሰማይ ለማየት ብንቸገር በማድ ቤት ሞከርነው። መብራቱን አጥፍተን የሲሊንደሩን ጋዝ ምድጃ ለኰስንና ነበልባሉን በጠባብ ስንጥቅ አሳልፈን በአሮጌ ሲዲ ገጽ ላይ ተመለከትነው። በነበልባሉ ላይ ጥቂት ጨው ስንበትን ወዲያው በ589 ናኖሜትር ገደማ አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር ቦግ አለች፤ ይህች የሶዲየም ናት፥ ሌላ ጌታ የላትም። ጨው የሌለበት ሰማያዊ ነበልባል ደግሞ በ516 ናኖሜትር ገደማ አረንጓዴ ቅርጥ አሳየን። ይህ ሁለት የካርቦን አቶሞች ተጣምረው የሠሩት ሞለኪውል ብርሃን ሲሆን፥ ያው ሞለኪውል በጅራታም ኮከቦችና በካርቦን ከዋክብት ዘንድም ይገኛል። በመጨረሻ ሻማ አበራን። የሻማው ቢጫ ብርሃን ከቀይ እስከ ሰማያዊ ያለማቋረጥ የተዘረጋ ነበር፤ በውስጡ የሚግለው ጥቀርሻ መሆኑን በሳህን ላይ አጥልተን አረጋገጥን እንጂ ብርሃኑ ራሱ ስሙን አልነገረንም።

እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ በነዚህ በሦስቱ መካከል ነው። የሚሞቱት ከዋክብት ብርሃን እንደ ጨዉ ይናገራልን? ወይስ እንደ ጥቀርሻው ዝም ይላል?

ፀሐይን የመሰለ ኮከብ በዕድሜው መጨረሻ እጅግ ካበጠ በኋላ የላይኛውን ልብሱን ወደ ጠፈር ይገፋል። በኮከቡ ከባቢ አየር ካርቦን ከኦክሲጅን የበለጠ እንደሆነ፥ ኦክሲጅኑ በሙሉ ከካርቦን ጋር ተጣምሮ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን የተረፈው ካርቦን እርስ በርሱና ከሃይድሮጅን ጋር ይያያዛል። ኋላም የኮከቡ ትኩስ አስኳል ሲገለጥ የአልትራቫዮሌቱ ጨረር በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያበራዋል፤ ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚባለው ይህ ነው። በ1973 ጊሌት፥ ፎረስትና ሜሪል ከእነዚህ ኔቡላዎች አንዳንዶቹን፥ በተለይም ኤንጂሲ 7027 የተባለውን፥ ከቀይ ብርሃን በታች ባለው በኢንፍራሬድ ሲመረምሩ በ11.3 ማይክሮን ላይ ማንም የማያውቀው ሰፊ የብርሃን ቅርጥ አገኙ። ከዚያም በ3.3፥ በ6.2፥ በ7.7ና በ8.6 ማይክሮን ላይ ወንድሞቹ ተገኙ። ሰዎቹ ጨዋዎች ስለነበሩ «ስማቸው ያልታወቀ» ብለው ጠሯቸው።

በ1984 ሴልግረን የተባለችው ተመራማሪ ከኮከብ በራቀ ቀዝቃዛ ስፍራ ሳይቀር አንድ ነገር ወደ 1000 ኬልቪን የሚጠጋ ሙቀት እንዳለው ሆኖ እንደሚያበራ አሳየች። ይህ ሊሆን የሚችለው ነገሩ እጅግ ጥቃቅን ከሆነ፥ አንዲት የአልትራቫዮሌት ፎቶን ብቻዋን ልታግለው የምትችል ከሆነ ነው። በዚያው ዓመት ሌዤና ፒዩዤ፥ በ1985ም አላማንዶላ፥ ቲለንስና ባርከር፥ ነገሩ በብዙ ቀለበት የተያያዙ የካርቦንና የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ነው አሉ፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚሏቸው ናቸው። የኋለኞቹ ሦስት ሰዎች የአውቶሞቢል ጢስ በፍኖተ ሐሊብ ተገኘ የሚል ርእስ ለጽሑፋቸው ሰጡ። ሩዋንዳ ላይ ቆሞ የናፍጣ ሚኒባስ ጢስ የሚውጥ ተማሪ ይህን ርእስ ሲያነብ ሳይስቅ አይቀርም፤ በእርግጥም እነዚያው ሞለኪውሎች በናፍጣ ጢስና በእንጨት ምድጃ ጥቀርሻ ውስጥ አሉ።

ነገር ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ ማስረጃውን እንመልከት። እነርሱ ከኦርዮን ኔቡላ ብርሃን ጋር ያስተያዩት የመኪና ጥቀርሻ በራማን ዘዴ የተመረመረ ነበር፤ ይህም ጥቀርሻው ሲበተንበት ያለው ብርሃን እንጂ ሲግል የሚያወጣው አይደለም። መመሳሰሉ ጥሩ ፍንጭ ነው፥ ማስረጃ ግን ሊባል አይችልም። ኋላ ሌሎች በቤተ ሙከራ የሠሩት ሥራ ሐሳቡን አጠንክሮታል፤ የ3.3ቱ ቅርጥ ከአሮማቲክ ቀለበት ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን የሚርገበገብበት፥ የ11.3ቱም ያው ሃይድሮጅን ከቀለበቱ ገጽ ውጭ የሚታጠፍበት መሆኑን ዛሬ የሚጠራጠር ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ የማያያዣውን ስም ነው የሚነግረን፤ የሞለኪውሉን ስም አይደለም። በከተራ ማታ ከሩቅ ሆኖ የከበሮ ድምፅ የሚሰማ ሰው ከበሮ መሆኑን ያውቃል፤ የየትኛው ደብር ታቦት እንደሚያልፍ ግን ከድምፁ ብቻ ሊናገር አይችልም። በእነዚህ የኢንፍራሬድ ቅርጦች ብቻ በስሙ ተለይቶ የታወቀ አንድም ባለ ብዙ ቀለበት ሞለኪውል የለም።

የሐሳቡ ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሞለኪውሎች ስፔክትረም አስልተው አከማችተዋል፥ ከክምችቱም መርጠው በመደባለቅ የታየውን ብርሃን ያስገኛሉ። እኛ በዚህ ዘዴ ላይ ያለን ቅሬታ የከረረ ነው። እንደፈለጉ የሚጨምሩትና የሚቀንሱት ብዙ ንጥረ ነገር ያለው ሰው የማይሠራው ወጥ የለም። ጃንግና ክዎክ በ2015 በዚሁ ዘዴ ሰው ሠራሽ ስፔክትረም ሳይቀር ማስማማት እንደሚቻል አሳይተዋል። ሁሉን የሚያስማማ ነገር ደግሞ ምንም አልለየም።

ይሁን እንጂ ክዎክና ጃንግ ራሳቸው ከሂስ አያመልጡም። በ2011 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ እነዚህ ቅርጦች የንጹሕ ሞለኪውሎች ሳይሆኑ አሮማቲክ ቀለበቶችና አሊፋቲክ ሰንሰለቶች ያለ ሥርዓት የተቆላለፉባቸው፥ የድንጋይ ከሰልን የመሰሉ ደቃቅ ብናኞች ናቸው ብለው ጻፉ። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አላቸው፤ ገና ኔቡላ ባልሆኑት፥ በሽግግር ላይ ባሉት ከዋክብት ዙሪያ የአሊፋቲክ ምልክት የሆኑት የ3.4ና የ6.9 ማይክሮን ቅርጦች ጎልተው ይታያሉ፥ ኔቡላው ከበራ በኋላ ግን አሮማቲኩ ይበረታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሺህ ዓመት ውስጥ መሆኑ በእውነት የሚያስደንቅ ነው፤ በእኛ አስተያየት የጽሑፉ ዘላቂ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ሊና ድሬን ግን በ2012 ከቅርጦቹ ጥንካሬ ተነሥተው በብዙ ስፍራ የአሊፋቲኩ ድርሻ ትንሽ መሆኑን አስልተዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ የራሳችን ጥያቄ አለን፤ መልክ የሌለውና ድርሻው እንደ ቦታው የሚለዋወጥ ነገር ስሕተት መሆኑ በምን ሊታወቅ ይችላል? ክዎክና ጃንግ በሌላው ላይ የጣሉት ሸክም በራሳቸውም ጫንቃ ላይ አለ።

እንደ ጨዉ የሚናገር ብርሃን ከቶ የለም ማለታችን አይደለም። በ1985 ክሮቶ፥ ከርልና ስሞሊ የካርቦን ከዋክብትን ኬሚስትሪ በቤተ ሙከራ ለመምሰል ሲሞክሩ 60 የካርቦን አቶሞች እንደ እግር ኳስ የተሰፉበትን ሞለኪውል አገኙ፤ በ1996ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ይህ ኳስ እጅግ የተመጣጠነ ስለሆነ በኢንፍራሬድ አራት ቅርጦች ብቻ አሉት፤ በ7.0፥ በ8.5፥ በ17.4ና በ18.9 ማይክሮን። በ2010 ካሚና ጓደኞቹ በስፒትዘር ቴሌስኮፕ ቲሲ 1 በተባለው ኔቡላ አራቱንም አገኙ። በ7.0 ላይ የአርጎን መስመር ጣልቃ ይገባል፤ ቢሆንም ሦስቱ ያለ ጠበቃ ይቆማሉ። መርጦ መደባለቅ፥ መጨመርና መቀነስ የለበትም። ይህን «ታውቋል» ብንለው አናፍርም።

ሆኖም ከዚህ ሥራ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ካሚና ጓደኞቹ ሞለኪውሉ የተገኘው ሃይድሮጅን በጎደለበት ስፍራ ነው ሲሉ አብራርተው ነበር፤ ምክንያቱም በቤተ ሙከራ ሃይድሮጅን የኳሱን መሠራት ያውካል። በዚያው በ2010 ጋርሲያ ኤርናንዴስና ጓደኞቹ ያንኑ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ባላቸው ኔቡላዎች አገኙት። ስሙ ቀረ፥ ማብራሪያው ወደቀ። እንግዲህ በትክክል የተለየ ነገር እንኳ እንዴት እንደተሠራ ገና አልታወቀም ማለት ነው።

በራዲዮም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሲደብልዩ ሊዮኒስ በተባለው የሚሞት ኮከብ ዙሪያ ከ80 በላይ ሞለኪውሎች በስማቸው ተለይተዋል፤ የራዲዮ መስመሮች ቀጫጭኖች ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይምታታም። ባለ ብዙ ቀለበቶቹ ግን በራዲዮ የተገኙት፥ ናፍታሊን ከሳያናይድ ጋር ተጣምሮ በ2021፥ ፓይሪንም እንዲሁ በ2024፥ በቀዝቃዛው የታውረስ ደመና ውስጥ ነው፤ በሚሞት ኮከብ ደጅ አይደለም። ይህን ልዩነት ሳይናገሩ ሁለቱን አዳብሎ ማስተማር ተማሪውን ማሳሳት ነው። በአንድ የትምህርት ክፍል የታውረሱ ግኝት የፕላኔታዊ ኔቡላ ማስረጃ ሆኖ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ አይተን ዝም ብለናል፤ ዝምታችን አሁንም ይቆጨናል።

በአገራችን ምን ሊሠራ ይችላል? እንጦጦ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለሚታየው ብርሃን የተሠሩ ናቸው፤ ከ5 እስከ 8 ማይክሮን ያለውን ብርሃን የአየሩ እርጥበት ስለሚውጠው ከዚያ ተራራ ሊታይ አይችልም። ነገር ግን የስፒትዘር መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፥ በማድ ቤታችን ያየነው የባለ ሁለት ካርቦን ቅርጥም በሽግግር ላይ ባሉት ከዋክብት ብርሃን ውስጥ እንደ ጥላ ሆኖ ይገኛልና ለእንጦጦ ዓይን አይሰወርም። ስፍራችንም ያደላናል፤ ቲሲ 1 ለብዙ የአውሮፓ ታዛቢዎች ከአድማስ በታች ሲሆን ለእኛ በደቡብ በኩል 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፥ ኤንጂሲ 7027 ደግሞ በሰሜን ወደ 57 ዲግሪ ይወጣል። የሚያሳዝነው ሁለቱም በእኩለ ሌሊት ወደ ከፍታቸው ጫፍ የሚደርሱት በክረምቱ ሰሞን መሆኑ ነው። ስለዚህ ቲሲ 1ን የሚፈልግ በሚያዝያ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አለበት፤ ኤንጂሲ 7027 ግን መስቀል ካለፈ በኋላ፥ በጥቅምት መጀመሪያ፥ ገና ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ይገኛል።