ስለ «ሎሊታ ኔሽን» አልበምና ስለ ዳግመኛ መታተሙ

ስለ ዘፈን የሚጻፍ ሒስ ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው የዜማውን ማማርና አለማማር ነው። ይህ መመዘኛ ተገቢ ቢሆንም ለሁሉም ሥራ አይበቃም። አንዳንዱ ሥራ በመጀመሪያ ሲሰሙት ጆሮን የሚያውክ፥ ሲደጋግሙት ግን ሥርዓቱ እየተገለጠ የሚሄድ ነውና ፈራጁ ጊዜ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ሥራ በሚገባ ሳይሰማ ከገበያ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ፍርዱን ማን ይሰጣል? «ጌም ቲዮሪ» የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ጓድ በ1987 ያወጣው «ሎሊታ ኔሽን» የተሰኘው ባለ ሁለት ሸክላ አልበምና በ2016 እንደገና መታተሙ ይህን ጥያቄ በግልጥ ያቀርቡልናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙ «ፓወር ፖፕ» ከሚባለው የሙዚቃ ወገን ነው። የዚህ ወገን መሠረቱ በ1960ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር «ቢትልስ»ና «ዘ ሁ» ያወጧቸው ዘፈኖች ናቸው። ጠባዩም የታወቀ ነው፤ ዘፈኑ አጭር ይሆናል፤ ዜማው ቶሎ በጆሮ ይያዛል፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ደምቆ ይሰማል፤ አዝማቹንም ብዙ ድምፅ ተባብሮ ይቀበለዋል። በአሜሪካም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሜምፊሱ «ቢግ ስታር» ይህንኑ መንገድ ተከትሎ በጊዜው ጥቂት ገዢ፥ ኋላ ግን ብዙ ደቀ መዝሙር አፍርቷል። የ«ጌም ቲዮሪ» መሪ ሚስተር ስኮት ሚለር ከነዚህ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነበሩ።

ሚስተር ሚለር በ1960 በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ከተማ ተወለዱ። በዴቪስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምረው በ1982 ጓዱን አቋቋሙ። የዕለት እንጀራቸውን ያገኙት በአመዛኙ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጻፍ እንጂ በዘፈን አልነበረም። የጓዱ ስም ራሱ ከሒሳብ ትምህርት የተወሰደ ነው። የአልበሙን ቀረጻ የመሩት ሚስተር ሚች ኢስተር ሲሆኑ፥ እርሳቸውም በ1983 ከሚስተር ዶን ዲክሰን ጋር የ«አር ኢ ኤም»ን የመጀመሪያ ሙሉ አልበም ያዘጋጁ ባለሙያ ናቸው።

አልበሙ 27 ክፍሎች አሉት፤ ርዝመቱም ከ70 ደቂቃ ይበልጣል። ከክፍሎቹ ውስጥ «ዘ ሪል ሺላ»ና «ዊ ላቭ ዩ ካሮል ኤንድ አሊሰን» የመሳሰሉት ማንም ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ሊያንጎራጉራቸው የሚችል ዘፈኖች ናቸው። ዶኔት ቴየር የሚያዜሙት «ሉክ አዌይ»ም ከነዚሁ ይቈጠራል። በነዚህ መካከል ግን እጅግ አጫጭር ክፍሎች፥ የንግግር ድምፆችና ከጓዱ የቀድሞ ሸክላዎች ተቈርጠው የተቀጠሉ ዜማዎች ተሰክተዋል። አንደኛው ክፍል ርዕሱ ብቻ አንድ አንቀጽ ያህል ይረዝማል፤ በውስጡም የናቦኮቭ ልብ ወለድ ባለታሪክ የሐምበርት ስም ከኮምፒዩተር ቋንቋ ከተወሰደ ቃል ጋር ተጐራብቶ ይገኛል። ወደ ፍጻሜው ቃላቱ ያለ ቦታቸው እየተቈራረጡ ለማንበብ እስኪያስቸግሩ ድረስ ይደረደራሉ።

ይህ ሁሉ የብልጠት ጨዋታ ብቻ ነውን? አይመስለኝም። ፓወር ፖፕ ከጥንቱ የወጣትነት ሙዚቃ ነው፤ ነገሩም ፍቅርና የወጣትነት ተስፋ ነው። ሚስተር ሚለር ግን የሚናገሩት ያ ዕድሜ ሊያልፍ ሲል ስላለው ጊዜ ነው፤ ከዘፈኖቹም አንዱ ወጣት ስለምንሆንበት የመጨረሻ ቀን የሚናገር ርዕስ አለው። ሰው ያለፈ ዕድሜውን ሲያስታውስ ሙሉ ዘፈን አይመጣለትም፤ ግማሽ ዜማ፥ የአንድ ሰው ስም፥ ከየት እንደ ሰማው የማያውቀው ንግግር እየተቈራረጠ ይመጣበታል እንጂ። ስለዚህ የአልበሙ መቈራረጥ ከነገሩ ጋር የሚስማማ ነው። ሙሉዎቹ ዘፈኖች ያማሩ ስለ ሆኑም ቍርጥራጮቹ የምን ስባሪ እንደ ሆኑ ሰሚው ሊያስተውል ይችላል። የኛም ባለቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ሰሙን በሚገባ ካበጀ በኋላ ነው፤ ሰም የሌለው ቅኔ ጥልቅ ሳይሆን ድፍን ይሆናል።

ይህን ስንል ጕድለቱን አንሸሽግም። በሁለተኛው ሸክላ ላይ ቍርጥራጮቹ ተከማችተው ሰሚው የሚይዘው ዜማ የሚያጣበት ቦታ አለ። አንዳንዱም ምሥጢር የጓዱን የቀድሞ ሥራ ላላወቀ ሰው ቍልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ነው። የሚስተር ሚለር ድምፅም ቀጭንና ከፍ ያለ በመሆኑ ከባዱን ጊታር ሁልጊዜ አይችለውም። ደራሲ ሰሚውን ማድከም መብቱ ነው፤ ለድካሙ ግን ዋጋውን ሊከፍለው ይገባል። በእኔ ግምት አልበሙ ይህን ዕዳ በአብዛኛው ከፍሏል፤ በሙሉ ግን አልከፈለም።

እንዲህ ያለው ክርክር ሰፍቶ ሊካሄድ ይገባው የነበረው አልበሙ እንደ ወጣ ነበር። ይሁን እንጂ አሳታሚው «ኢኒግማ» በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ስለ ዘጋ አልበሙ ከገበያ ጠፋ፤ የተረፈውም ቅጂ ከአንዱ ወዳጅ ወደ ሌላው በውድ ዋጋ የሚተላለፍ ሆነ። ብዙ ሰው ዝናውን ሰማ፤ ሥራውን ግን አልሰማም። ሚስተር ሚለር ከዚያ በኋላ «ላውድ ፋሚሊ» የተባለ ሌላ ጓድ መሩ፤ በ2010ም ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ የወጡ ዘፈኖችን የሚመረምር የሒስ መጽሐፍ አሳተሙ። በ2013 በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። «ኦምኒቮር» የተባለው አሳታሚ የጓዱን ሥራዎች በተከታታይ ማውጣት የጀመረው በ2014፥ ይህን አልበም ያወጣውም በ2016 ነውና፥ ደራሲው ዳግመኛ መታተሙን ለማየት አልታደሉም።

ዳግመኛው ኅትመት የመጀመሪያውን አልበም በቀድሞ ቅደም ተከተሉ ጠብቆ፥ ረቂቆችንና በመድረክ የተዘፈኑትን በተለየ ሲዲ አቅርቧል። ይህ አሠራር የሚመሰገን ነው። የዚህ አልበም ነገር ያለው በቅደም ተከተሉ ስለ ሆነ በመካከሉ ሌላ ዘፈን ቢጨመርበት ኖሮ ሥራው ይፈርስ ነበር። ረቂቅ ለተማሪ ይጠቅማል፤ የደራሲው ሥራ ግን እርሱ መርጦና ደርድሮ ለሕዝብ ያቀረበው ነው። አዲስ ሰሚም መጀመሪያ አልበሙን ብቻውን ደጋግሞ ቢሰማ፥ ወደ ተጨማሪው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ቢሆን ይበጀዋል።

ዳግመኛ መታተም መካከለኛውን ሥራ ታላቅ አያደርገውም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ፍርዱን ከወሬ አውጥቶ ወደ ሰሚው ይመልሰዋል። አንድ ሥራ ጕድለት ተገኝቶበት ቢረሳ ፍርድ ነው፤ አሳታሚው ስለ ከሰረ ቢረሳ ግን በደል ነው። «ሎሊታ ኔሽን» ለ25 ዓመት ያህል የኖረው በዚህ በደል ውስጥ ነበር። አሁን ግን ከነውበቱና ከነጕድለቱ በፊታችን ስለ ቀረበ፥ የሚወደውም የሚነቅፈውም በገዛ ጆሮው መስክሮ ሊናገር ይችላል።