ከብሌኑ ኋላ የሚመጣው ቀይ

የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚለማመዱ ወጣት ሐኪሞች ማይክሮስኮፑ ፊት ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያምራቸው ማጉላት ነው። ዓይኑ እይታቸውን ሞልቶ እስኪታይ ድረስ ያሳድጉታል። እኔ ቀድሜ የምላቸው ግን “ቀንሱ” ነው። ማጉያው በጨመረ ቁጥር የሚታየው ስፋት ይጠባል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀትም ይሳሳል። ሕመምተኛው የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነውና ነቅቶ ይሰማል፤ “አባባ፣ አይነቃነቁ” እያልናቸው ትንሽ ቢያስሉ እንኳ ሁሉም ነገር ከእይታ ይወጣል። ነጩ የዓይን ክፍል ላይ መተላለፊያውን ስንከፍት ዝቅ ያለ ማጉያ ይበቃል፤ ከፍ የሚደረገው የሌንሱ ሽፋን ላይ ስንደርስ ነው።

ከማጉላቱ ይልቅ አደጋን የሚቀንሰው የብርሃኑ አገባብ ነው። ጥሩ ማይክሮስኮፕ ብርሃኑን የሚልከው ሐኪሙ በሚያይበት መስመር ነው። ብርሃኑ በብሌኑ ይገባል፣ ከዓይኑ የኋላ ግድግዳ ይነጥራል፣ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። በዚያ ቀይ ላይ የሽፋኑ ጠርዝና የተጣበቀው ቅሪት ለይቶ ይታያል። የሌንሱ የኋላ ሽፋን ውፍረት 4 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚያ ከ10 እጥፍ በላይ ይወፍራል። ይህ ሽፋን ሲቀደድ ከኋላው ያለው ዝልግልግ ነገር ወደ ፊት ይመጣል፣ ሬቲናው የመላቀቁና ዓይኑ የመመረዙ ስጋት ይጨምራል፣ አዲሱ ሌንስም መደገፊያ ያጣል። ቀደዳው መምጣቱን የሚያሳውቁ ምልክቶች አሉ፤ የዓይኑ የፊት ክፍል በድንገት ይጠልቃል፣ ቀዩ አንድ ቦታ ላይ ያለ ልክ ይደምቃል። ይህን በጊዜው ያየ ሐኪም መሣሪያውን መንጭቆ አያወጣም። መጀመሪያ የፊቱን ክፍል ለዚሁ በተዘጋጀ ወፍራም ፈሳሽ ይሞላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወጣል። ማይክሮስኮፕ ቀደዳን አያስቀርም፤ አንዲት ትንሽ ቀደዳ ወደ ትልቅ ጉዳት ሳትሸጋገር እንዲቆም ግን ያደርጋል።

ችግሩ፣ እኛ ዘንድ የሚመጣው ሞራ ብዙ ጊዜ ይህን ቀይ አለማሳየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ የግማሹ መንስኤ ሞራ ነበር። ከቸሃ፣ ከእዣ ወይም ከመስቃን ገጠር ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ የሚመጡ እናቶችና አባቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሱት ሰው እየመራቸው ነው። ያኔ ሌንሱ ነጭ ሆኗል። ብርሃኑ አያልፍም፣ ቀይ የለም፣ ቀለም የሌለው ሽፋን በነጭ ሌንስ ላይ ነው። ሌንሱን ለማውጣት የሚከፈተው የፊት ሽፋን የት እንደተቀደደ ሳይታይ ሲሳብ እንደ እንሰት ቅጠል አንድ አቅጣጫ ይዞ እስከ ጠርዙ ይተረተራል። ስለዚህ ትራይፓን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም እንቀባዋለን፤ ሽፋኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ይቀራል፣ ጠርዙም ይታያል። ይህ ቀለም በየጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው፤ ውድ ማሽንም ያለ ቀለም ነጭ ሞራ ፊት ከፊል ዕውር ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአገራችን የሞራ ሕመምተኞች ላይ በብዛት የሚታይ፣ በብሌኑ ጠርዝና በሌንሱ ፊት ላይ የሚቀመጥ ፎረፎር መሰል ነጭ ብናኝ አለ። በዓይን ብቻ አይታይም። ያለበት ዓይን ብሌኑ በደንብ አይከፈትም፣ ሌንሱን የያዙት ክሮችም ደካማ ናቸው። ሌንሱ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መግፋት ይቀንሳል፣ ማሽከርከር ይዘገያል። ይህን ከመጀመሪያው መቁረጥ በፊት ማየት ከመካከል ማየት ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ሃሮልድ ሪድሊ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲያስገባ ዛይስ ኩባንያ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፑን ገና ለገበያ አላቀረበም ነበር፤ ያቀረበው በ1953 ነው። ያ ትውልድ ያደረገውን ሳስብ እገረማለሁ፤ ያለ ማይክሮስኮፕ መሥራት ግን አልፈልግም።

ከመጀመሪያው ሕመምተኛ በፊት የምናደርገው ዝግጅት አሰልቺ ነው፣ ግን አይዘለልም። የሁለቱ ማያዎች ርቀት በሐኪሙ ዓይን ልክ ይስተካከላል። ምስሉ በከፍተኛው ማጉያ ጥርት ይደረግና ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፤ ያኔ በመካከል ማጉያ ሲቀያየር ምስሉ አይደበዝዝም። ይህን የዘለለ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይይዘዋል፣ ጥልቀት መገመቱም ይሳሳታል። የብርሃኑ ኃይል ደግሞ ከሚበቃው በላይ አይሁን፤ ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ሲበራ ሬቲናውን ሊያቃጥል ይችላል። ሥራ በሚቆምበት ደቂቃ ኮርኒያውን መሸፈን ልማድ ሊሆን ይገባል።

ቡታጅራ ግራርቤት የዓይን ሆስፒታል ስላላት ዕድለኛ ናት። ለሌሎቹ ከተሞች ማይክሮስኮፕ ምረጥ ብባል በስክሪን ላይ ሦስት ገጽታ የሚያሳየውን የዘመኑን ማሽን አላስቀድምም። በእይታ መስመር የሚገባ ጥሩ ብርሃን፣ ለረዳት ሁለተኛ ማያ፣ ሳይቸገሩ የሚለወጥ አምፖል፣ ከመብራት መቆራረጥ የሚያድን ባትሪ። ሁለተኛው ማያ ትርፍ እንዳይመስላችሁ፤ ሲስተሯ የማየውን ካየች ቀጣዩን መሣሪያ ሳልጠይቃት ታቀብለኛለች፣ ተማሪውም ቀዩ መቼ እንደደመቀ ከኔ እኩል ያያል።